ወረፋዬ ሰላም ብላሻለች

እማማ ጀሪካን ሳሙናውን ሻሿ ላይ አሸች፣ አሸች፣ ክንዷ እስኪዝል ፈተገች። አረፋ የለም። ውሃ ጨመረች፣ እንደገና አሸች። አረፋው ቀርቶ ሳሙናው ራሱ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ይሄኔ ሳሙናውን አንስታ ከበረንዳው ግድግዳ ጋር አላተመችው።

"ድንጋይ! ድንጋይ አቅልጠው ነው በቧንቧ የሚልኩብን!"

ከጎን በረንዳ ፀጉር ሠሪዋ ብቅ አለች። ይቺ ሴት ሰው ቤት መርፌ ቢወድቅ ቀድማ የምትሰማ፣ ከሰማች ደግሞ ሳይመሽ ፎቁን በሙሉ የምታሰማ ናት። ደግነቷ ግን አይካድም።

"እማማ፣ ምነው? ሳሙናው ምን አደረገዎት?"

"ምን ያድርገኝ፣ እሱም እንደኔ ከማያውቀው ሰፈር መጥቶ ግራ ገብቶት ነው።"

"ኧረ እኔስ! ደንበኞቼን አጥቤ ስጨርስ ፀጉራቸው የጭነት ገመድ ይመስላል። ትናንት አንዷ 'ቅባት ጨምሪ እንጂ፣ ምን ትሰስቻለሽ' ብላ ጮኸችብኝ። ቅባቱ ምን ያድርግ፣ ውሃው ነው!" ፀጉር ሠሪዋ በበረንዳው ብረት ላይ ተደግፋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከዚያ ከጀሪካንዎ አንዲት ብርጭቆ እንኳን ቢሰጡኝ..."

"እሱን ተይው።"

እማማ ጀሪካን የተባለችው እንግዲህ በዚህ ነው።

ሰፈሩ አዲስ ነው፤ ከከተማው ጫፍ፣ ፎቆቹ እንደ ክብሪት ሣጥን የተደረደሩበት። ምንም አልጎደለውም። መንገድ አለው፣ መብራት አለው፣ ውሃውም ቧንቧውን ነካ ሲያደርጉት ዷ ብሎ ይወርዳል። ጣጣው የሚወርደው ነገር ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው አሉ። ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ነጭ በነጭ ይሆናል። የገላ መታጠቢያው ወንፊት ይደፈንና አንዱ ቀዳዳ ወደ ጣሪያ፣ አንዱ ወደ በር ይረጫል፤ ሰውየው መሃል ላይ ደርቆ ይቆማል። ባቄላ ቢቀቀል ቢቀቀል ጠጠር እንደሆነ ይወጣል። የሻዩ በራድ ውስጡን እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነገር ለብሷል። ሻዩም ሲቀዳ ላዩ ላይ እንደ ዓይን ሞራ ያለ ነገር ይጋረድበታል። እማማ ጀሪካን ያን ባየች ቁጥር፣ "ሻዩ እንኳን ሊያየኝ አልፈለገም" ትላለች።

አንድ ጊዜ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የውሃ ሠራተኛ መጥቶ፣ "ውሃው ጤና አይጎዳም፤ እንዲያውም አጥንት ያጠነክራል" ቢል፣ ከኋላ ብድግ ብላ፣ "የኔስ አጥንት ይጠንክር፤ በራዴ አጥንት አውጥቶ ምን ሊሆን ነው?" አለችና ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ሠራተኛውም ስቆ ሄደ። ውሃው ያው ነው።

ስለዚህ ጀሪካኑ አለ። ቢጫ ነው፤ እጀታው ላይ እንዳይጠፋ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ኑሮው ከአልጋዋ ሥር ነው። ልጇ ልብስ መስፊያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የፋብሪካው አውቶቡስ በአሮጌው ሰፈራቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌው ሰፈር ቦኖ ሞልታ ትመለሳለች። በዚያ ውሃ እማማ ጀሪካን ሻይዋን ታፈላለች፣ ፀጉሯን ትለቃለቃለች። ለሌላ ለማንም ጠብታ አትሰጥም። እውነቱን ለመናገር ግን የምትጠብቀው ውሃውን ብቻ አይደለም። ከውሃው ጋር ሰላምታ ይመጣል።

ወረፋዬ ነች የምትልክላት።

ሁለቱ ሴቶች የተዋወቁት ቦኖው ጋ፣ ወረፋ ላይ ነው። ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ወገባቸውም ምላሳቸውም የተሳለ። አንዷ ለሌላዋ ወረፋ ትይዛለች። አንዷ ስትዘገይ ሌላዋ በእግሯ ጀሪካኗን እየገፋች ትጠብቃታለች። ሰው "ይሄ የማን ነው?" ሲል "የወረፋዬ ነው!" ይባላል። እንዲህ እንዲህ ሲል ስም ሆኖ ቀረ፤ እሷም እሷን ወረፋዬ፣ እሷም እሷን ወረፋዬ። ስንት ሰው ያገባውና የፈታው በነሱ አፍ ቦኖው ላይ ታጥቦ ተሰጥቷል! ልጇ ፎቅ ደርሷት ወደ አዲሱ ሰፈር ሲዛወሩ ወረፋዬ የመኪናውን ጎን በጥፊ መታ አድርጋ፣ "ሂጂ፣ ከፍ በይ፣ ከላይ ሆነሽ እንዳትተፊብኝ ብቻ" አለቻት። አላለቀሰችም። ወረፋዬ አታለቅስም፤ ትሳደባለች እንጂ።

ለዚህ ነው ያለፈው ቅዳሜ ሰላምታ እማማ ጀሪካንን እንቅልፍ የነሳት። ልጇ ጀሪካኑን አስቀምጣ እንደወትሮዋ፣ "ወረፋዬ ሰላም ብላሻለች። 'ፎቅ ላይ ወጥተሽ ክንፍ አበቀልሽ ወይ?' ብላለች" አለችና፣ "'ናፍቀሽኛል'ም ብላለች" ጨመረች።

ናፍቀሽኛል? ወረፋዬ? ያቺ የባሏ ቀብር ላይ እንኳን "ቀድሞኝ ሄደ፣ ወረፋ አያውቅም" ያለች ሴት? አንድም ታማለች፣ አንድም ልትሞት ነው።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ልጇ ባዶውን ጀሪካን ይዛ በጠዋት ወጥታለች። እማማ ጀሪካን ሻሿን እንደታሸ በባልዲ ውስጥ ተወችው። ጫማዋን አደረገች።

"ወዴት ነው እማማ?" ፀጉር ሠሪዋ።

"ሱቅ።" ለዚች እውነቱን መንገር በድምፅ ማጉያ መንገር ነው።

ደረጃው ላይ አባ ጨውን አገኘችው። አባ ጨው ሁለት ፎቅ ከሷ በላይ የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር። ስሙን ያገኘው በጨው ነው። አንድ ብቸኛ ሽማግሌ የኩንታል ጨው፣ ያውም ደረቅ ደረቁን፣ እያስጫነ ቤቱ ያስገባል። ምን ያደርገዋል? ፀጉር ሠሪዋ "ቆዳ ያለፋል" ትላለች። የታችኛዋ ጎረቤት "ቡዳ ፈርቶ ነው፣ ቤቱን ሁሉ ይበትነዋል" ትላለች። እማማ ጀሪካን ራሷ "ሚስቱን አልቀበራትም፤ ጨው ውስጥ አስቀምጧታል" ብላ አውርታ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደሷ ሲመለስ እሷው ደንግጣ ነበር።

ዛሬም አንድ ከረጢት ትከሻው ላይ ነው።

"ደህና አደሩ እትዬ።"

"እግዜር ይመስገን። ያን ሁሉ ጨው ግን ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ኑሮው አልጫ ሆኖብኝ ነው" አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ፣ "ነፋስ አለ፤ ይደራርቡ" አላት።

"ነፋስ ምን ያገኛል ከኔ? የሚወስደው ሥጋ የለኝ" ብላው ወረደች።

አንዱን አውቶቡስ ለቃ ሌላውን ያዘች። በመስኮት እያየች ለወረፋዬ የምትነግራትን ወሬ በልቧ ደረደረችው፤ ስለ ፀጉር ሠሪዋና ስለ ገመድ ፀጉሯ፣ ስለ አባ ጨው፣ ስለ በራዱ አጥንት። ወረፋዬ ስትስቅ የጎደለችው የፊት ጥርሷ እንዴት እንደምትታይ አሰበችና ብቻዋን ፈገግ አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ራቅ አለ።

የለመደችው ማቆሚያ ላይ ወርዳ ኩርባውን ዞረች። ቆመች። የተሳሳተች መሰላትና ወደ ኋላ ተመለሰች፣ የማቆሚያውን ምሰሶ አየችው። እሱው ነው። እንደገና ዞረች።

ተደጋግፈው የቆሙት ቤቶች የሉም። ከዳር እስከ ዳር የቆርቆሮ አጥር ነው። በአጥሩ ቀዳዳ የሚታየው ጉድጓድና ብረት ነው። በሩ ላይ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"ወደ ቦኖው ነው።"

"የምን ቦኖ?"

"ውሃ የሚቀዳበት ነዋ! ሰዎቹስ?"

"ሰዎቹማ ተነሱ፣ ቆዩ እኮ። እኔ ስቀጠር ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት መጥቶ ሄዷል።"

"ልጄ፣ እኔን አታሹፍብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከዚህ ውሃ ቀድታለች።"

ዘበኛው አሳዘነችው መሰለኝ ከወንበሩ ተነሳ። "ከዚህ? ለኛ እንኳን ውሃ በቦቴ ነው የሚመጣልን። ይግቡና ይዩት።"

ገባች። ቦኖው ተነቅሏል። የቀረው የቆመበት ሲሚንቶ ብቻ ነው፤ ጀሪካን ሲገፋበት፣ ሲጎተትበት፣ ሲሳብበት ከኖረ ብዛት መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። እማማ ጀሪካን እጇን እዚያ ጉድጓድ ላይ አሳረፈች። ይሄ የሷና የወረፋዬ ሥራ ነው። ጀሪካን የሚባል ነገር ሳይመጣ በባልዲ፣ ከዚያ በጀሪካን፣ ልጅ በሆዷ ይዛ፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ። ዝናብ አቁሮበታል። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። የአቧራ ጣዕም ነው።

"የቦኖዋ ሴትዮ የት ገባች? ረጅም፣ አንድ የፊት ጥርስ የሌላት፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ?"

"እናቴ፣ አንዱ ዘመድ ጋ፣ አንዱ ኪራይ ቤት ሄደ። እዚህ ዞሮ የጠየቀ እርስዎ ነዎት።"

እማማ ጀሪካን ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ታዲያ ማነው በየሳምንቱ ሰላም የሚላት? ሙት ነው? ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። የለም፤ ወረፋዬ ብትሞት የሞቷን ወሬ ቀድማ የምታወራው ራሷ ናት። ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ፤ ወረፋ የሚያስጠብቀው ስለሌለ ማንም ሳይከለክለው ወረደ።

ወደ አዲሱ ሰፈር ተመልሳ፣ ደረጃውን ወጥታ በራፏ ላይ ስትደርስ ከላይ የልጇን ድምፅ ሰማች። ልጇ በዚህ ሰዓት ላይ ምን አደረጋት? እማማ ጀሪካን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሁለቱን ፎቅ ወጣች። የአባ ጨው በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ አንድ ዓይኗን አስገባች። ይሄንን ሙያ ማንም አላስተማራትም።

ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ ከላዩ ቱቦ ገብቶበታል፣ ከሥሩ ቱቦ ወጥቶበታል። አጠገቡ የጨው ከረጢት አፉ ተከፍቷል። ከሥር በወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቢጫ ጀሪካን ተቀምጦ ይሞላል።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት አበዙት" ትላለች ልጇ። "'ናፍቀሽኛል' የሚለውን ምን አስጨመረዎት? ይኸው ሳምንቱን ሙሉ በመስኮት በመስኮት ነው የምታየው። 'ልሂድ' ልትል ነው።"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ አፌን አምልጦኝ ነው።"

"ወረፋዬ እንዲህ አትልም ስልዎት! እሷ ስድብ ነው የምታውቀው።"

"ስድብ ከሆነ የአውቶቡስ ሾፌር ይቸገራል? ይሁን። ብቻ እናትሽ የላከችውን መልስ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።"

"ሦስቴ ነግሬዎታለሁ እኮ።"

"አራተኛው ያስቀጣል?"

ልጅቷ የእናቷን ድምፅ አስመስላ፣ "'ክንፍስ አላበቀልኩም፤ ባበቅል መጀመሪያ የማርፈው አናትሽ ላይ ነበር በያት' ነው ያለችው" አለች።

አባ ጨው ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ ነው! ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቱን መታ፣ ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"ውይ! እሺ፣ የዛሬውን እናድርገው። የእናትሽ ሳል ብሷል፣ ሌሊት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እንግዲህ 'ስለ ሳልሽ'..."

"ጋሼ! ወረፋዬ ሳሏን ከየት ትሰማለች?"

"እሱም አለ ለካ።"

ውሃው ብቻ ይንቆረቆራል።

"እስከ መቼ ነው ግን?" አለች ልጇ። "ያን ዕለት 'ሰፈሩ ፈርሷል' ብዬ ልነግራት አቅቶኝ፣ ባዶ ጀሪካን ታቅፌ ደረጃው ላይ ሳለቅስ ባያገኙኝ ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር። 'ውሃ ከሆነ እኔ ጋ አለ፣ ጨው የሚበላ፣ ኖራውን የሚያስቀር ማጣሪያ አለኝ' አሉኝ። ውሃው ለመዳት። ሰላምታውንም እርስዎ አስለመዷት። ወረፋዬን ግን በጠየቅኩበት ሁሉ አጣኋት።"

"እኔም ለድሮ ጓደኞቼ ነግሬያለሁ፣ በየመስመሩ ላሉት። ጥርሷን፣ ድምጿን፣ አንቺ የነገርሽኝን ሁሉ። አንድ ቀን ከአንዱ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። እንደምትሉት ከሆነች እሷን ጭኖ የሚረሳ ሾፌር የለም።"

እማማ ጀሪካን መጀመሪያ በሩን በርግዳ ልትገባ ነበር። ውሸታሞች ልትላቸው፣ ጫማዋን ልትወረውር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ሳቅ ያዛት። ከወረፋዬ ወዲህ በሷ ነገር እንዲህ የሳቀ ሰው አልነበረም። "አራተኛው ያስቀጣል?" አለ እኮ። እሷ ደግሞ "ሚስቱን ጨው ውስጥ አስቀምጧታል" ብላ አውርታበታለች። ፊቷ ጋለ። ጫማዋን እንደያዘች በጣቷ ጫፍ ወረደች።

ልጇ ጀሪካኑን ተሸክማ ስትገባ እማማ ጀሪካን ባልዲው ጋ ቁጭ ብላ ሻሹን ታሻለች፤ ቀኑን ሙሉ ያልተነቃነቀች ይመስል።

"እማዬ፣ ወረፋዬ ሰላም ብላሻለች።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ቦኖው ጋ አገኘሻት?"

ልጅቷ ጀሪካኑን ዝቅ ብላ አስቀመጠች፤ ፊቷ አልታየም። "አዎ፣ ቦኖው ጋ።"

"ምን አለች?"

"'አንቺም አርጅተሻል፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ እመጣለሁ ብለሽ እግርሽን እንዳትሰብሪ። ከሰበርሽው የምሸከምሽ እኔ አይደለሁም' ብላለች።"

እማማ ጀሪካን በራዱን አንስታ ከአዲሱ ውሃ ቀዳች፣ ጣደችው። ሻዩ ሲፈላ ላዩ ላይ ምንም አልተጋረደም፤ እንደ መስታወት ነው። ጠጣችው። ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ሁልጊዜም ይል ነበር፤ እሷ ግን የአሮጌው ሰፈር ውሃ ድሮም እንዲህ ነበር ብላ ራሷን አሳምና፣ ለፀጉር ሠሪዋም በዚያ ጨዋማነቱ ስትመጻደቅ ኖራለች። ሰው የናፈቀውን ነገር ጣዕም እንዴት ይረሳል? ይረሳል ለካ። የናፈቀችው ውሃውን አልነበረማ።

ልጇን አየቻት። ከፋብሪካው ድካም ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። በየሳምንቱ ውሸት ተሸክማ ደረጃ የምትወጣ የምትወርድ ልጅ፣ ለእናቷ ብላ።

"የኔ እናት፣ ነይ ጠጪ" አለቻት፣ ብርጭቆ እየሰጠቻት። "መልስ አለኝ።"

"ቅዳሜ እነግራታለሁ።"

"'ውሃውስ ይበቃኛል፤ ወሬው ነው ያልበቃኝ' በያት።"

ልጅቷ ሳቀች፣ ሻዩን ጠጥታ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። የወንፊቱ ውሃ ወደ በሩ ሲረጭና እሷ ስታጉረመርም ይሰማል። እማማ ጀሪካን ጫማዋን እንደገና አደረገች።

ቅዳሜ ሩቅ ነው። እስኪደርስ ያቺ ወረፋዬ የት እንዳለች፣ ከማን ጋር ሆና ማንን እንደምትሰድብ ማን ያውቃል? የሾፌሮቹን ነገር በቅጡ መጠየቅ አለባት። ልጇ ለአባ ጨው የነገረችው ምልክትም አይበቃም፤ ወረፋዬ ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ የሳንቲም መልስ ሲጎድልባት "ሌባ!" ብላ ነው የምትጀምረው፣ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ይሄን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ከፎቁ ሥር ያለው ሱቅ ገባች።

"ደረቅ ጨው ስጠኝ። የሱን ዓይነት።"

ባለሱቁ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። "የአባ... የላይኛውን ጋሼ ዓይነት?"

"አዎ፣ የሱን። በደንብ ሙላው።"

"እርስዎም ጀመሩ እንዴ እማማ?"

"ጀመርኩ። ወሬውን ለፀጉር ሠሪዋ አንተ ትነግራታለህ ወይስ እኔው ልንገራት?"

መንገድ ላይ ፀጉር ሠሪዋን ራሷን አገኘቻት። አንድ ጊዜ ፌስታሉን፣ አንድ ጊዜ ፊቷን አየች። አፏ ተከፈተ፣ ግን ምንም አልወጣውም፤ ሰፈሩ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሆና አታውቅም። እማማ ጀሪካን አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈቻት። ነገ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ይባል። እሷም በሰው ስንት ብላለች።

የራሷን በር አልፋ ወጣች። ጉልበቷ ተንቋቋ፣ ቆም ብላ ተነፈሰች፣ ደግሞ ወጣች። በሩ አሁን ተዘግቷል። ጨውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና አንኳኳች።

"ማነው?" አለ ከውስጥ።

እማማ ጀሪካን ሻሿን አስተካከለች።

"ወረፋዬ ነኝ።"

ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።